ለጭሱ መውጫ፣ ለአየሩ መግቢያ

ክረምት ከመግባቱ በፊት ለወላጆች የተደረገ ንግግር



ወደዚህ ስብሰባ ስትጠሩ ስለ ልጆች ትምህርት እንደምናገር ተነግሯችሁ ይሆናል። ሥራዬ መምህራንን ማሠልጠን ስለሆነ ከእኔ የምትጠብቁትም ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ጋዝ ውሃ ማሞቂያና ስለ ጭስ ማውጫው ነው። «ይህ የቧንቧ ሠራተኛ ጉዳይ እንጂ የመምህር ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ድሮ እንዲሁ እል ነበር። ሐሳቤን የለወጠው አንድ ልጅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ወራት፣ እኔ የማሠለጥናት አንዲት ወጣት መምህርት ስለ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አጫወተችኝ። ልጁ የእኛው ልጅ ነው። ጠዋት ሲመጣ ፊቱ የደከመ፣ ዓይኑ የቦዘዘ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ራሱን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ የሚቀመጥ ነው። ረፋዱ ላይ ደግሞ እንደማንኛውም ልጅ ይስቃል፣ ይጫወታል፣ ሒሳቡንም ይሠራል። ትምህርት ቤቱ ግን የጠዋቱን ብቻ አይቶ «ትኩረት የለውም፣ አእምሮው ዘገምተኛ ነው» ማለት ጀመረ። ስለ ሒኑኽ ሜዩኻድ፣ ማለትም ስለ ልዩ ትምህርት ክፍል ወሬ ተነሣ። ወላጆቹ ተጠሩ፤ እኔም ቋንቋ ለማገዝ አብሬ ሄድኩ።

በዚያ ስብሰባ ላይ እናቲቱን አንድ ነገር ጠየቅኋት። «እሑድ ጠዋት እንዴት ነው?» አልኳት። «እሑድማ ይብስበታል» አለችኝ። «በበጋስ?» አልኳት። «በበጋ ምንም የለበትም። ምን እሱ ብቻ፣ በክረምት ሁላችንም ራሳችንን ያመናል፤ አያቱም ያስመልሳቸዋል። የዚህ አገር ብርድ አልተስማማንም» አለች። እሑድ የባሰው ለምን እንደሆነ እስቲ አስቡት። በሰንበት ልጁ ቀኑን ሙሉ ቤት ነው የሚውለው።

በማግስቱ ቤታቸው ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳልቀመጥ የራሴ ራስ ከበደኝ። የመስኮቱ መስታወት ከውስጥ በኩል ውሃ ያዘንባል። የጋዝ ውሃ ማሞቂያው ያለው ሚርፔሴት ሼሩት በሚባለው የልብስ ማጠቢያ በረንዳ ላይ ነው። ቤቱ ሲሠራ ያ በረንዳ ክፍት ነበር፤ አከራዩ ግን ቤቱ ሰፋ እንዲል ብሎ በመስታወትና በአሉሚኒየም ዘግቶታል። የጭስ ማውጫው ቧንቧ ደግሞ ከማሞቂያው ራስ ሁለት ጣት ያህል ተላቅቆ ነበር። ፈቃድ ያለው የጋዝ ባለሙያ ተጠራ፤ አይቶ አንድም ቃል ሳይናገር መጀመሪያ ጋዙን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ነው «እናንተ በሕይወት መኖራችሁ ይገርማል» ያለው።

ማሞቂያው ተስተካክሎ፣ በረንዳው አየር ካገኘ በኋላ ልጁ ጠዋት ነቅቶ መምጣት ጀመረ። የልዩ ክፍሉም ወሬ በዚያው ቀረ። በትምህርት ቤት የሚገጥመን ችግር ሁሉ ከማሞቂያ የመጣ ነው አልልም፤ እንደዚያ ብል ዋሽቻለሁ። ነገር ግን አንድ ልጅ አእምሮው ደካማ ነው ከመባሉ በፊት ሌሊቱን ሲተነፍስ ያደረው አየር ምን ዓይነት እንደነበረ መጠየቅ ይገባል። የዛሬው ንግግሬም ስለዚህ ነው።

ገዳዩን እናውቀዋለን

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። «ከሰል ያፍናል» እየተባለ ነው ያደግነው። በዝግ ቤት ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ሲነጋ ሞቶ ተገኘ ሲባል ሰምተናል። ያ የከሰል ገዳይና ዛሬ የምነግራችሁ የጋዝ ገዳይ አንድ ናቸው። ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በዕብራይስጥ ፓኽማን ኻድ ኻምጻኒ ይባላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል፣ አያስል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ይይዝበታል፤ አያያዙም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው። ስለዚህ ጥቂቱ እንኳ ሰውን ውስጥ ለውስጥ ያፍነዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ጋዝ ከሆነ ይሸተኛል» ይላል። ከባሎኑ የሚወጣው ጋዝ የሚሸተው፣ ሲያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን የሚፈጠረው ጋዙ ሲቃጠል ነው፤ ያኔ ሽታው አብሮ ተቃጥሏል። እንግዲህ በአፍንጫችን አንመካ።

በአገራችን ጎጆው ሳር ክዳን ነበር። ጭሱ በሳሩ መሐል እየሾለከ ይወጣል፤ ነፋሱም በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። ጭሱ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም ራሱ ይነግረን ነበር፤ ሲበዛ በር እንከፍታለን። የዚህ አገር ቤት ሲሚንቶና መስታወት ነው። በሩና መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ይገጥማል። ጭሱም አይታይም። ስለዚህ ጎጆው በራሱ ያደርግልን የነበረውን ሥራ አሁን እኛ አስበን ማድረግ አለብን።

ማሞቂያው እንዴት ይሠራል?

በእስራኤል አብዛኛው ቤት ውሃውን የሚያሞቀው ጣሪያ ላይ ባለው ዱድ ሼሜሽ ነው፤ ያ የሚሠራው በፀሐይና በኤሌክትሪክ ስለሆነ ጭስ የለውም። በአንዳንድ ቤቶች ግን፣ በተለይም ብርዱ በሚጠናባቸው ከተሞች ባሉ አሮጌ ቤቶች፣ ውሃ የሚያሞቅ ወይም ቤቱን ሁሉ በቧንቧ የሚያሞቅ የጋዝ ቦይለር አለ። ቤት ስትከራዩ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ውሃው በምን ይሞቃል?» የሚል ይሁን።

የጋዝ ማሞቂያ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ የሚገባ አየርና የሚወጣ ጭስ። አንድ ኪሎ ጋዝ በደንብ ለመቃጠል ከ12 ሜትር ኩብ በላይ አየር ይበላል። ይህ የአንዲት ትንሽ ክፍል ሙሉ አየር ነው። ሻወር ለመውሰድ የሚበራው ማሞቂያ ደግሞ በሰዓት ከአንድ ኪሎ በላይ ጋዝ ሊያቃጥል ይችላል። አየሩ በቂ ሲሆን ነበልባሉ ሰማያዊ ይሆናል፤ የሚወጣውም በአብዛኛው የውሃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አየሩ ሲያንስ ነበልባሉ ይበላሻል፤ መርዙም ይፈጠራል።

ጭሱ የሚወጣው በአሩባ፣ ማለትም በጭስ ማውጫ ቧንቧ ነው። በተለመደው ዓይነት ማሞቂያ ላይ ጭሱን የሚገፋ ሞተር የለም። ትኩስ ነገር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያ ብቻ ነው ኃይሉ። እንዲህ ያለ ደካማ ኃይል በትንሽ ነገር ይሸነፋል። ማራገቢያ ያላቸው፣ አየሩንም ከውጭ በራሳቸው ቧንቧ የሚስቡ ዝግ ማሞቂያዎች አሉ፤ እነሱ የበለጠ አስተማማኝ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ቧንቧቸው ከተላቀቀ ያው ናቸው።

በምን ይበላሻል?

አንደኛ፣ ቧንቧው ይደፈናል። እርግብ ጎጆ ትሠራበታለች፣ ዝገት ይበላዋል፣ ጥላሸት ይሞላዋል። በበጋ ሳይሠራ የከረመ ማሞቂያ በክረምት መጀመሪያ ሳይታይ መነሣት የለበትም።

ሁለተኛ፣ መገጣጠሚያው ይላቀቃል። ቀለም ቀቢው ይነካዋል፣ ልብስ የሚያሰጡት ይገፉታል። ቧንቧው ወደ መውጫው እያለ ከፍ ማለት ሲገባው ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ጭሱ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ እኛው ራሳችን አየሩን እንዘጋለን። በማሞቂያው አጠገብ በግድግዳው ላይ የምታዩዋቸው ቀዳዳዎች የሠራተኛ ስህተት አይደሉም። ብርድ ገባ፣ በረሮ ገባ ብለን በጨርቅ፣ በፕላስቲክ፣ በካርቶን እንወትፋቸዋለን። ከላይ ያለው ቀዳዳም ከታች ያለውም ሥራ አለው። የባሎን ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ የታችኛው ቀዳዳ እሱንም ያስወጣል።

አራተኛ፣ በረንዳው ይዘጋል። ይህን በታሪኩ ሰምታችኋል።

አምስተኛ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የወጥ ቤቱ የእንፋሎት መሳቢያ፣ ኮሌት አዲም የሚሉት፣ ወይም የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ ነው። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ማራገቢያው ሲሠራ አየሩን ከቤት ወደ ውጭ ይጎትታል። ለሄደው አየር ምትክ መምጣት አለበትና፣ ሌላ መግቢያ ካጣ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ያኔ ጭሱም አብሮ ይመለሳል።

ጭስ ማውጫው የሚያልቅበትንም ቦታ ተመልከቱ። በመስኮት ሥር ወይም በጎረቤት መስኮት አጠገብ ከሆነ የእኛ ጭስ የሌላው ቤት ይገባል። አየሩን ከቤት የሚስብ ማሞቂያ በመኝታ ቤትና በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ፈጽሞ መኖር የለበትም።

በዓይን የሚታዩ ምልክቶች

ነበልባሉ ቢጫ ወይም ብርቱካን ከሆነ፣ ከማሞቂያው በላይ ያለው ግድግዳ ከጠቆረ ወይም ቀለሙ ከተላጠ፣ የማሞቂያው እሳት በየጊዜው በራሱ የሚጠፋ ከሆነ፣ ማሞቂያው ሲሠራ መስኮቱ ከውስጥ ውሃ የሚያዘንብ ከሆነ ማሞቂያውን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።

አንድ ቀላል መፈተኛም አለ። በመጀመሪያ የጋዝ ሽታ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ ሽታ ካለ ክብሪት አይነካም። ሽታ ከሌለ፣ በክረምት ሌሊት እንደምትዘጉት በርና መስኮቱን ዝጉ፣ የወጥ ቤቱን ማራገቢያ አብሩ፣ ሙቅ ውሃውን ክፈቱና አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከዚያ ክብሪት ጭራችሁ አጥፉና የሚጨሰውን እንጨት፣ ወይም ጥቂት እጣን፣ ከማሞቂያው ራስ ላይ ቧንቧው ከሚነሣበት ክፍተት አጠገብ ያዙት። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ቧንቧው እየሳበ ነው። ወደ ፊታችሁ ከተመለሰ ውሃውን ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ አታብሩት። ይህ ፈተና ግን የባለሙያውን ምርመራ አይተካም። ዛሬ ደህና የሳበ ቧንቧ ነገ በሌላ ነፋስ ላይስብ ይችላል።

በሰው ላይ የሚታዩ ምልክቶች

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የጉልበት መክዳት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። ጉንፋን ይመስላል፤ ትኩሳት ግን የለውም። ከጉንፋን የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታመማል፣ ከቤት ሲወጣ ይሻለዋል፣ ሲመለስ ያገረሸበታል። ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና የልብ ሕመምተኞች ቶሎ ይጎዳሉ። በጽንሱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከእናቲቱ ሊብስ ይችላል።

ከተጠራጠራችሁ ምክንያቱን ለመፈለግ ቤት ውስጥ አትቆዩ። ከቻላችሁ እግረ መንገዳችሁን ማሞቂያውን አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ አውጡ። ለማጌን ዳቪድ አዶም በ101፣ ለእሳት አደጋ በ102 ደውሉ። ከታመሙት አንዱ ተሻለኝ ብሎ ልብስ ለማምጣት ተመልሶ እንዳይገባ።

ሐኪም ዘንድ ስትደርሱ ደግሞ ዝም አትበሉ። በጣት ላይ የምትደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ መርዝ ትታለላለች፤ ሰውየው እየታፈነ «ኦክስጅኑ ደህና ነው» ትላለች። የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው። ዕብራይስጥ የሚቸግራችሁ ይህን በቃላችሁ ያዙ ወይም ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት፦ «ዬሽ ላኑ ዱድ ጋዝ ባባይት። ኩላኑ ማርጊሺም ራዕ ብያኻድ። ናא ላዓሶት ብዲካት ዳም ለፓኽማን ኻድ ኻምጻኒ።» ትርጉሙም፣ ቤታችን የጋዝ ማሞቂያ አለ፣ ሁላችንም በአንድ ጊዜ አሞናል፣ እባካችሁ የካርቦን ሞኖክሳይድ የደም ምርመራ ይደረግልን ማለት ነው። «ብርድ መቶኝ ነው» ብቻ ካላችሁ የብርድ መድኃኒት ተሰጥቷችሁ ወደዚያው ቤት ትመለሳላችሁ።

ስለ ከሰልና ስለ ማማድ

እዚህ ላይ እናቶቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የቡናን ሥርዓት የማከብር ሰው ነኝ። ነገር ግን በዝግ ቤት ውስጥ ቡና በከሰል ማፍላት ይቅር። በረንዳ ካለ ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፣ በረንዳው ላይም ይፍላ፤ ከሌለ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፍላ። ጀበናው ያው ጀበና ነው፣ ቡናውም ያው ቡና ነው። ማንጋል የተጠበሰበትን ከሰል «ጠፍቷል» ብሎ ቤቱን እንዲያሞቅ ማስገባት ደግሞ ሞትን መጋበዝ ነው። አመድ የለበሰ ፍም ሳይጨስ ይገድላል።

በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ እዚህ የነበራችሁ ክፍል በፕላስቲክና በፕላስተር እንዴት እንደታሸገ ታስታውሳላችሁ። ዛሬም ብዙ ቤት ማማድ አለው። ማማድ አየር እንዳያስገባ ሆኖ የተሠራ ክፍል ነው። ሲረን ሲነፋ ልጆቹን ይዛችሁ ስትገቡ ከሰል፣ የጋዝ ወይም የላምባ ምድጃ ይዛችሁ አትግቡ።

ስለ ሰንበት

እኛ ቤተ እስራኤል በአገራችን ሰንበትን በእሳት ጉዳይ አጥብቀን የምንጠብቅ ሕዝብ ነበርን። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል፤ የሰንበት ምግብ ሳይሞቅ ይበላል። እዚህ ከመጣን በኋላ ግን ከዓርብ ጀምሮ ነድዶ የሚያድር እሳት ለመድን። አንዳንዱ ቤት የጋዝ ምድጃውን ወይም ማሞቂያውን ለብርዱ ብሎ አብርቶ ያሳድራል፤ ሰንበት ከገባ በኋላ ደግሞ ማጥፋት ይፈራል። በዚህ ነገር የአባቶቻችን ሥርዓት ጥበብ ነበረው እላለሁ። ዓርብ ማታ በነበልባል የሚሠራውን ሁሉ አጥፍታችሁ ተኙ፤ ለሙቀት በሻዖን ሻባት የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይበቃል።

ሆኖም በሰንበት ሰው ከታመመ ወይም መጠቆሚያው ከጮኸ ምንም ጥርጥር አይግባችሁ። ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል፤ ፒኩዋኽ ኔፌሽ የሚባለው ይህ ነው። አጥፉ፣ ክፈቱ፣ ደውሉ፣ መኪና ውስጥ ግቡ። ቄሱን ወይም ረቢውን ለመጠየቅ እንኳ አትዘግዩ።

ማን ይሥራው? ማንስ ይክፈል?

በሕጉ መሠረት የጋዝ ሥራ የሚሠራው ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው። የአጎት ልጅ እጁ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ ማሞቂያ አይነካም። ሲመጣ የፈቃድ ወረቀቱን ጠይቁት፤ ነውር አይደለም። የጋዝ ኩባንያውም መሣሪያውን በየ5 ዓመቱ መመርመር አለበት፤ ሲመጣ ግን «ማፍሰሱን ብቻ ሳይሆን አሩባውንና የአየር ቀዳዳውን እይልኝ» በሉት። ቦይለሩን በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ማስፈተሽ ደግሞ የእናንተ ፋንታ ነው።

የግል ቤት ተከራዮች ይህን ስሙ። በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የኪራይ ሕግ፣ ለተከራዩ ደህንነት ወይም ጤና አደጋ ያለበትን ቤት ለመኖሪያ እንደማይሆን ይቆጥረዋል። አከራዩ ከተነገረው በኋላ ብልሽትን በ30 ቀን ውስጥ መጠገን አለበት፤ ቤቱን የማያስኖር አጣዳፊ ብልሽት ከሆነ ደግሞ ከ3 ቀን ማለፍ የለበትም። ካልጠገነ ተከራዩ ራሱ አስጠግኖ ወጪውን መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ በቃል ብቻ አትንገሩት። በስልክ መልእክት ጻፉ፣ ፎቶግራፍ አንሡ፣ የባለሙያውን ወረቀትና ደረሰኙን አስቀምጡ። በዚህ አገር ያልተጻፈ ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

«ከተናገርን ከቤት ያስወጣናል» የሚል ፍርሃት እንዳለ አውቃለሁ። በታሪኩ የነገርኳችሁ አባትም የፈራው ይህንኑ ነበር። ከቤት መውጣት ያስጨንቃል፤ ነገር ግን ሌላ ቤት ይፈለጋል። ልጅ ግን አይተካም።

በመጨረሻም መጠቆሚያውን ግዙ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋላይ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ነው። የጭስ ጋላይ ወይም የሚያፈስ ጋዝ ጋላይ ይህን አያውቅም፤ ስሙን አይታችሁ ግዙ። በሣጥኑ ላይ 50291 የሚለው የአውሮፓ መለኪያ ቁጥር ካለ ጥሩ ነው። ከመኝታ ክፍሎች አጠገብ ስቀሉት፣ በወር አንድ ጊዜ ቁልፉን ተጭናችሁ ፈትኑት፣ የሚያበቃበትን ዓመት ተመልከቱ። ከጮኸ ባትሪውን አውጥታችሁ ዝም አታሰኙት፤ ውጡ።

የዛሬው የቤት ሥራ

መምህር ነኝና ያለ ቤት ሥራ አልለቃችሁም። ዛሬ ማታ ስትገቡ ማሞቂያችሁ ፊት ቁሙ። ቧንቧው ተገጥሟል ወይ? ቀዳዳው ክፍት ነው ወይ? በረንዳው ይተነፍሳል ወይ? ነበልባሉ ሰማያዊ ነው ወይ? ልጆቻችሁንም ጥሩና አብራችሁ እዩ፤ እነሱ በዕብራይስጥ የተጻፈውን ያነቡላችኋል፣ እናንተም ከሰል እንዴት እንደሚያፍን ታስተምሯቸዋላችሁ። ከዚያ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ጎረቤት ካላችሁ ነገ በራቸውን አንኳኩ። ስብሰባ ለመምጣት የማይችሉት እነሱ ናቸው፤ ቀዳዳውን በጨርቅ የሚወትፉትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ቧንቧዋን ለማየት አሥር ደቂቃ ይበቃል። እግዚአብሔር ክረምቱን የጤና ያድርግልን።  አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።